የሰፈር ስምና የቤት ቁጥር በጋራ ካርታ ላይ፦ ለበጎ ፈቃደኛ የካርታ አዘጋጆች ሥልጠና የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እናንተ ሽማግሌዎቻችን፣ ዕድሜ ሳይበግራችሁ የፊት ወንበሮችን ሞልታችሁ ሳያችሁ ደስታዬ ወደር አጥቷል። ወጣቶቹ ስልክና ኮምፒዩተር ይዘው መጥተዋል፤ እናንተ የየመንደሩን ስም ይዛችሁ መጥታችኋል። ይህ ሥልጠና ሁለታችሁንም ይፈልጋል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ዛሬ የተሰበሰብንለት ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ገብቶ የሚያርመው፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት የዓለም ካርታ ነው። እንግሊዛዊው ስቲቭ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀምረው፣ በሀገሩ የመንግሥት የካርታ መረጃ ውድና በፈቃድ የታሰረ ስለነበረ፣ ሕዝቡ ራሱ መንገዱን እየዞረ ይሳለው ከሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነው። ጥቅሙ ለብዙ ሰው የታየው ግን እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 ሄይቲን የመሬት መንቀጥቀጥ በመታት ጊዜ ነበር። የዋና ከተማዋ የፖርት ኦ ፕራንስ መንገዶች በአብዛኛው በዚህ ካርታ ላይ አልነበሩም። በየሀገሩ የተቀመጡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ መንገዱን፣ የፈረሰውን ሕንፃ፣ ተፈናቃይ የሰፈረበትን ሜዳ በቀናት ውስጥ ሳሉት። ነፍስ አድን ሠራተኞችም ያንኑ ካርታ ጂፒኤሳቸው ላይ ጭነው ሠሩበት። እኛም ዘንድ 907 ወይም 939 ደውሎ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ለዚያ ቤተሰብ የአንድ መንገድ በትክክል መሳል የሕይወት ጉዳይ ነው።

አሁን ቤት ለቤት እየዞረ የሚመዘግበው ጽሕፈት ቤታችን ዘወትር ስለሚወቀስበት ነገር በግልጽ ልናገር። ስለ አድራሻ ነው። ባለጉዳይ መስኮታችን ላይ ቆሞ መታወቂያውን ሲያወጣ፣ የቤት ቁጥር በሚለው መስመር ላይ «አዲስ» ተብሎ ተጽፎ እናገኛለን። በዚያ ቤት ልጆች ተወልደዋል፣ አድገዋል፣ ተድረዋል፤ ቁጥር ግን አልተሰጠውም። ሌላው ደግሞ በአንድ በር ላይ ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ የቀበሌው ዘመን ቁጥር በቆርቆሮ ታርጋ ተመትቷል፣ የኋለኛው ግንቡ ላይ በቀለም ተጽፏል። ቀበሌ ከቀበሌ ሲዋሃድ፣ ወረዳ እንደገና ሲከለል፣ ክፍለ ከተማ ሲጨመር ቁጥሩ እየተደራረበ ሄዷል። ስለዚህ ነዋሪው አድራሻውን በምልክት ይናገራል፦ ከማደያው ዝቅ ብሎ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ ቀይ በሩ አጠገብ። ማደያው ሲዘጋ፣ በሩም ሲቀባ አድራሻው አብሮ ይጠፋል። አምቡላንሱ ዘግይቶ የደረሰ ዕለት የሚወቀሰው ሹፌሩ ነው፤ ከሹፌሩ ቀጥሎ እኛ ነን።

ጥፋቱ የአንድ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ከተማው ያደገው ከመዝገቡ ፈጥኖ ነው። ባልደረቦቼ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ቤት ለቤት እየዞሩ የሠሩት ምዝገባ ተገቢውን ምስጋና አላገኘምና በዚህ አጋጣሚ በሁላችሁም ፊት ላመሰግናቸው እወዳለሁ። ሥራው እንዳላለቀም እናውቃለን፤ እናንተን የጋበዝናችሁም ስለዚሁ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው አደራዬ የቤት ቁጥር ነው። በሩ ላይ የተጻፈውን ብቻ ጻፉ። ሁለት ቁጥር ካያችሁ አንኳኩታችሁ፣ ሰላምታ ሰጥታችሁ፣ በየትኛው እንደሚገለገሉ ጠይቁ። ቁጥር ከሌለው ባዶውን ይቆይ። ጎረቤቱ 214 ስለሆነ ይህ 215 መሆን አለበት ብሎ መሙላት ክፉ ልማድ ነው፤ በግምት የተጻፈ ቁጥር አምቡላንሱን ወደ ሌላ ሰው በር ይወስደዋል። የነዋሪውን ስም ደግሞ በጭራሽ ካርታው ላይ እንዳታሰፍሩ። በመንደር ውስጥ «የወይዘሮ እገሊት ቤት» ብሎ መጠቆም ነውር የለበትም። ዓለም ሁሉ በሚያየው ካርታ ላይ ግን የሰው ገመና ነው።

ሁለተኛው፣ እኔ በግሌ እንቅልፍ የማጣበት ጉዳይ የሰፈር ስም ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ቤቶቹ ተነሥተዋል፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣም። ካርታ ላይ ስምን ለማጥፋት ነጥቡን መርጦ አንድ ቁልፍ መጫን ይበቃል። ቦታው ላይ ቤት ስለሌለ ስሙም ትርፍ ነው ብሎ ያሰበ አንድ ቅን ሰው፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ያጠፋዋል። ውቤ በረሃ፣ ሰባ ደረጃ፣ እሪ በከንቱ፣ ገዳም ሰፈር፣ ተረት ሰፈር፤ እነዚህን ስሞች ያወጣላቸው ማዘጋጃ ቤት አይደለም፣ ሕዝቡ ነው። ለመሰረዝ የሚፈልግ ሰውም ሕዝቡን ይጠይቅ። ካርታው ለቀድሞ ስም፣ ለሌላ ስም፣ ለአካባቢ ስም የተለየ ቦታ አዘጋጅቷል። አዲስ ስም የወጣለት ቦታ ካለ አዲሱን በዋናው ላይ አስገቡ፣ የቀደመውንም በቦታው አኑሩት።

ከአዲስ አበባ ውጭ ደግሞ ስም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዳማን ናዝሬት፣ ቢሾፍቱን ደብረ ዘይት እያለ ያደገ ሰው አለ፤ የዛሬው የሕግ ስም ደግሞ አዳማና ቢሾፍቱ ነው። አንዱ ገብቶ ይለውጣል፣ ሌላው ይመልሳል፣ እንደገና ይለወጣል። በዚህ መሀል ካርታውን ከፍቶ መንገድ የሚፈልገው ሹፌር ይጉላላል። ዋናው ስም በቦታው ሰሌዳ ላይ የሚታየውና ነዋሪው የሚጠቀምበት ይሁን፤ የአማርኛው፣ የአፋን ኦሮሞው፣ የእንግሊዝኛው እያንዳንዱ በየራሱ መስመር ይግባ፣ የቀድሞውም አይሰረዝ። ሁሉም ስፍራ እያለው የሌላውን ስም ማጥፋት ለማንም አይጠቅምም። በፊደልም እንዲሁ ነው፤ በሐመሩ ሐ ወይም በሃሌታው ሀ መጻፍ ላይ ከመከራከር ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ ማየት ይቀላል። የአስተዳደር ወሰንን በተመለከተ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፦ ወሰን በዓይን የሚታይ ነገር አይደለምና በስሜት አትንኩት።

ክቡራትና ክቡራን፤

ስለ ሳተላይት ምስል ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው ከዚያ ስለሆነ። ከጀርባ አድርጋችሁ የምትስሉበት ምስል የተነሣበት ቀን አለው፤ ዓመታት ያለፉትም ሊሆን ይችላል። እዚህ ያለች አንዲት ተማሪ በእግሯ ሄዳ ያየችውን ይዛ የፈረሱትን ቤቶች ከካርታው ታወጣለች። ሩቅ ሀገር ያለ በጎ ፈቃደኛ አሮጌው ምስል ላይ ጣሪያ ያያል፣ «ሳይሳል የቀረ መንደር» ይመስለዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ አንድ በአንድ መልሶ ይስለዋል። ሁለቱም ለፍተዋል፤ የአንዳቸው ድካም ግን የሌላውን አፍርሷል። ይህ እንዳይሆን ቤቶቹን የምታወጣዋ ተማሪ ቦታው መፍረሱንና ያየችበትን ቀን ምልክት አድርጋ ትተው። የሚስለውም ከመጀመሩ በፊት የቦታውን ታሪክ ይክፈት፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው ተመዝግቧል። ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ሆነው የልጅነት ሰፈራቸውን በትዝታ ለሚስሉ ወገኖቻችን ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው፤ የሰፈሩን ስም ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ቤቱ ዛሬ ቆሞ ስለመሆኑ ግን ዛሬ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ቃል ይቅደም።

ለውጣችሁን ስታስቀምጡ አንዲት ትንሽ ሳጥን ትመጣለች፤ ምን እንደለወጣችሁ ትጠይቃለች። ብዙ ሰው አንዲት ነጥብ ወይም «አስተካከልኩ» የምትል ቃል ጽፎ ያልፋል። የዕድር መዝገብ የያዘ ጸሐፊ የተሳሳተ መስመር ሲያርም አሮጌው እንዲነበብ አድርጎ ይሰርዛል፣ ምክንያቱን ጽፎ ይፈርማል፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጸሐፊ ቢተካ ግራ አይጋባም። የእናንተም ቼንጅሴት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የምታስቀምጡት የለውጥ ጥቅል፣ እንደዚያ ይሁን። «ከሰባ ደረጃ በታች ያለው የእግር መንገድ በግንብ መዘጋቱን ሄጄ አይቻለሁ፤ ቆርጬዋለሁ» ብሎ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አንድ ቼንጅሴት እስከ 10,000 ነገር ይይዛል ተብሎ የአዳማን ድልድይና የመቀሌን ትምህርት ቤት በአንድ ላይ አታስቀምጡ፤ የሚመረምረው ሰው ይቸገራል።

ስትስሉም እጃችሁ ይጠንቀቅ። አንድ የቤት ጥግ ከመንገዱ ነጥብ ጋር ከተጣበቀ ቤቱን ስትጎትቱ መንገዱም ይጎተታል። ሁለት መንገዶች ተሻግረው እየታዩ መገናኛቸው ላይ የጋራ ነጥብ ከሌላቸው፣ አቅጣጫ የሚያወጣው ፕሮግራም እንደማይገናኙ ቆጥሮ አምቡላንሱን ዙሪያ ጥምጥም ይመራዋል። የተጣመመ መስመር ስታገኙ አቃኑት እንጂ አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትሳሉት፤ የቀደመው ሰው ድካምና የቦታው ታሪክ አብሮ ይሄዳልና። ኮብልስቶን የለበሰ መንገድ ሁሉ ስሙ «ኮብልስቶን» እየተባለ ሲጻፍም እናያለን፤ የንጣፉ ዓይነት የራሱ መስመር አለው፣ ስም የሌለው መንገድ ስም አይሰጠው።

ከሌላ ምንጭ የመቅዳት ነገር ጽሕፈት ቤታችንንም ይመለከታል። ከሌላ ካርታ፣ ለምሳሌ ከጎግል ካርታ፣ አይቶ መገልበጥ ክልክል ነው፤ አንድ ሰው የገለበጠው ሲታወቅ የሌሎችም ሥራ አብሮ ሊወገድ ይችላል። ከመንግሥት ቢሮ የወረቀት ካርታም ያለ ፈቃድ አይወሰድም። ፈቃድ ሲገኝም ቢሆን ጥንቃቄ አለው። በሀገራችን ለረጅም ዘመን የተሠራባቸው ካርታዎች መነሻ ልኬታቸው አዲንዳን የሚባለው ነው፤ ጂፒኤሳችሁና ኦፕንስትሪትማፕ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ይሠራሉ። ከአዲንዳኑ ካርታ ዩቲኤም የሚባለውን የቦታ መለኪያ ቁጥር አንብቦ ሳይቀይር ያስገባ ሰው እዚህ አዲስ አበባ ነጥቡን ከ200 ሜትር በላይ አርቆ ያስቀምጠዋል። ትምህርት ቤቱ ወንዙን ተሻግሮ ቁጭ ይላል። ካርታውን የሚያውቅ ባለሙያ ቢሯችን ውስጥ ስላለ ኑ፣ ጠይቁ። የጽሕፈት ቤታችን መረጃ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን የቀረበው ጥያቄም በሕግ አግባብ እየታየ መሆኑን ላረጋግጥላችሁ እወዳለሁ።

አለመግባባት መቼም አይቀርም። ሥራችሁን ለውጦ ያገኛችሁትን ሰው በክፋት ሳይሆን በቅንነት እንዳደረገው ቁጠሩለት። መጀመሪያ በቼንጅሴቱ ስር ጻፉለት፤ ሰላምታ አስቀድሙ፣ ያያችሁትን ንገሩት፣ ምንጩን ጠይቁት። መልስ እስኪሰጥ ጥቂት ቀን ታገሡ፤ ሰው ሥራና ቤተሰብ አለው። ካልተስማማችሁ የሀገራችንን የካርታ አዘጋጆች አማክሩ። መመላለሱ ካልቆመ፣ ሆን ተብሎ የሚጠፋ ነገርም ካለ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ፋውንዴሽን ሥር እንዲህ ያለውን ጉዳይ የሚያይ የመረጃ የሥራ ቡድን አለ። በቡድን ሆናችሁ አንድ ሰፈር ሙሉ ልትሠሩ ስታስቡ ደግሞ አስቀድማችሁ አሳውቁ፤ ምን፣ የት፣ መቼ እንደምትሠሩ፣ ስህተት ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ በግልጽ ጻፉ። ተማሪዎቻችሁን ለክፍል ሥራ የምታሰማሩ መምህራን፣ ይህ በተለይ እናንተን ይመለከታል።

ውድ ሠልጣኞች፤

በዚህ ሥልጠና የጋራ ግንዛቤ እንደሚፈጠር፣ የበጎ ፈቃደኞች አቅም እንደሚጎለብት፣ በተቋማትና በኅብረተሰቡ መካከል ያለው ቅንጅታዊ አሠራር እንደሚጠናከር ሙሉ እምነት አለኝ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሰፈር ስትወጡ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ሽማግሌ ይዞ እንዲወጣ የሥልጠናውን አዘጋጆች ጠይቄ ተስማምተዋል። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ልጆቹ ሲሳሳቱ አርሟቸው። ልጆቼ፣ እናንተም የነገሯችሁን በትክክል ጻፉ፤ ከሁለት ሽማግሌ ሁለት ስም ከሰማችሁም ሁለቱንም ጻፉ።

የጽሕፈት ቤታችን በር በሥራ ሰዓት ሁሉ ክፍት መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ ሥልጠናው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።