ቤት የዋለች ሴት የሥራ ልምድ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከአንድ መሐንዲስ የሚጠበቀው ስለ ድልድይ ወይም ስለ ኮንክሪት መናገር ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ከትዳሯ ተለይታ የደመወዝ ሥራ ፍለጋ ስለ ወጣች አንዲት ሴት ነው። ሴቲቱ እናቴ ናት። በእርሷና በአባቴ መካከል ዳኛ ለመሆን አልሻም፤ ያንን ፍርድ ቤት ጨርሶታል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በትዳር ዘመን የተፈራ የጋራ ሀብት ለባልና ለሚስት እኩል እንዲካፈል ያዛል። ቤቱም ተሸጦ ተካፈለ። ነገር ግን በ31 ዓመት የተጠራቀመው የሥራ ልምድና የደረጃ ዕድገት በአንደኛው ወገን ስም ብቻ የተጻፈ ስለሆነ፣ ማንም ዳኛ ከዚያ ቆርሶ ሊሰጣት አልቻለም።

እናቴ ትዳር የያዘችው ትምህርቷን ከ11ኛ ክፍል አቋርጣ ነው። ፍቺው ሲጸና ዕድሜዋ 49 ዓመት ከአምስት ወር ነበር። ማመልከቻዋን የጻፍኩላት እኔ ነኝ። «የሥራ ልምድ» ከሚለው ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ ብጠይቃት፣ «ምን ሠራሁና ልጄ፤ ቤት ነው የዋልኩት» አለችኝ። ይህች ቤት የዋለች ሴት የሰፈሩን የሴቶች ዕድር ገንዘብ ለዓመታት ስትይዝ አንድ ሳንቲም አልጎደለባትም። ቤታችን ሲሠራም ሲሚንቶውን ቆጥራ የምትረከብ፣ ከወለል ከፍ አድርጋ በእንጨት ላይ፣ ከግድግዳም አርቃ የምታስደረድር፣ ቀድሞ የገባውንም ቀድማ ለግንበኛው የምታወጣ እርሷ ነበረች።

በዚያው ዘመን እኔ በምሠራበት የግንባታ ሥፍራ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ወጣት መጋዘን ጠባቂ ሲሚንቶውን በባዶ ወለል ላይ፣ እርጥበት ካለው ግድግዳ አስጠግቶ ከመረው። ክረምቱ ሲወጣ የታችኛው ረድፍ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ወጣቱን አልወቅሰውም፤ የቅጥሩን ማስታወቂያ ያረቀቅሁት እኔው ነኝና። «ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ዕድሜ ከ35 ያልበለጠ» ብዬ ነበር። ይህች 35 የመጣችው ከስሌት አይደለም፤ ከቀደመው ማስታወቂያ ገልብጫት ነው። እናቴን ከበር የመለሱ ማስታወቂያዎችም ከዚህ አይለዩም ነበር።

ሌላው መሰናክል ተያዥ ነው። ንብረት የሚረከብ ሠራተኛ ደመወዝተኛ ዋስ እንዲያቀርብ መጠየቅ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ባልና ሚስት ሲለያዩ ቤተ ዘመዱና ወዳጁም አብሮ ይለያያል። እናቴ የምታውቃቸው ደመወዝተኞች አብዛኞቹ የአባቴ ዘመዶችና የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ነበሩ፤ የራሷ ባልንጀሮች ደግሞ እንደ እርሷው የቤት እመቤቶች ናቸው። በመጨረሻ ዋስ የሆንኳት እኔ ነኝ። ደመወዝተኛ ልጅ የሌላት ሴት ከዚህ በር ትመለሳለች።

ጊዜውም አይጠብቅም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ የጡረታ መውጫውን ዕድሜ 60 ዓመት፣ ለዘለቄታ የወር አበል የሚያበቃውን ዝቅተኛ አገልግሎት 10 ዓመት አድርጎታል። ስለዚህ ለ49 ዓመት ሴት «በሚቀጥለው ወር ተመለሺ» ማለት ቀላል ቃል አይደለም።

የሙያ ባልደረቦቼን የምለምነው ጥቂት ነገር ነው። ለመጋዘን ጠባቂነት ማስታወቂያ ስታረቁ የዕድሜውን መስመር ሰርዙት። አመልካቿን ግማሽ ቀን መጋዘን አስገብታችሁ ዕቃ አስቆጥሯት፤ የገቢውን ሞዴል 19 እና የወጪውን ሞዴል 22 አሳይታችሁ አስሞሏት። የተያዡን ነገር እኛ ብቻችንን የምንለውጠው ባይሆንም፣ ከየድርጅታችን አስተዳደር ጋር ልንነጋገርበት እንችላለን።

እናቴ ከ11 ወር ፍለጋ በኋላ በአንድ ብሎኬት ማምረቻ በመጋዘን ጠባቂነት ተቀጠረች። ሁለቱንም ሞዴሎች በአንድ ሳምንት ለመደቻቸው። የተቀጠረችው ግን 50 ዓመት ከሞላት ከአራት ወር በኋላ ስለሆነ፣ በስድሳ ዓመቷ ከወጣች አገልግሎቷ አሥር ዓመት ሊሞላ አራት ወር ይጎድለዋል።