የእግር ኳስ አሠልጣኝነት ለሴት ልጅ ሙያ ይሆናልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ሴቶች ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዛሬው የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም ወይም ስለ አገር ፍቅር እንድንናገር ትጠብቁ ይሆናል። ስለ እነዚህ ግን ከእኛ የሚበልጡ ተናጋሪዎች አሉ። እኛ የመጨረሻው ክፍል ሴቶች ልጆች ትንሽ ስለሚመስል አንድ ጉዳይ ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቃዳችሁን እንለምናለን። ይኸውም የሴቶች እግር ኳስ አሠልጣኝ ስለሚባለው ሙያ ነው።

ይህን አርእስት የመረጥንበትን ምክንያት ሳንደብቅ እንናገራለን። የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሳለን አንድ መምህራችን 16 ልጆች ሰብስበው በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ኳስ ያስተምሩን ነበር። በ10ኛ ክፍል መምህሩ ተዛውረው ሄዱ። ኳሱም ቀረ፣ ሜዳውም ቀረ፤ ቡድኑ ግን አልቀረም። ከመካከላችን አንዷ «እኔ አሠለጥናችኋለሁ» ብላ ተነሣች። ውርጭ በወረደበት ማለዳ ሰውነታችንን ሳናሟሙቅ በኃይል አስሮጠችን። ወዲያው የአንዷ ጓደኛችን ቁርጭምጭሚት ወለም አለና ወጌሻ አሽቷት ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቀረች። እናቷም መጥተው «የሚያውቅ ሰው ካለ ትሂድ፤ የማያውቅ ሰው ግን ልጄን አይስበርብኝ» አሉን። ሌሎቹም እናቶች ይህንኑ ተናገሩ። በአንድ ወር ውስጥ ከ16 ልጆች የቀረነው 5 ብቻ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ሜዳው የወንዶች ሆነ፤ እኛም ዳር ተቀምጠን ተመልካች ሆንን።

በእኒያ እናት አንፈርድም፤ የተናገሩት እውነት ነውና። የጎደለን ኳስ ወይም ጉልበት ሳይሆን የሚያውቅ ሰው ነበር።

ብዙ ሰው አሠልጣኝን ፊሽካ አንጠልጥሎ ከሜዳ ዳር የሚጮኽ ሰው ብቻ አድርጎ ይገምተዋል። ነገር ግን አሠልጣኝ ማለት ሰውነት እንዴት እንደሚሟሟቅ፣ ድካም መቼ ጉዳት እንደሚሆን የሚያውቅ፣ ቅብብልን በየደረጃው የሚያስተምር፣ 11 ሰዎችን እንደየተሰጥዎአቸው የሚያሰልፍ፣ ማንን መቼ እንደሚቀይር አስቦ የሚወስን፣ የተሸነፈውንም ቡድን አጽናንቶ በማግሥቱ ወደ ሜዳ የሚመልስ ሰው ነው። ይህም እንደ ሌላው ሙያ ሁሉ ትምህርትና ምስክር ወረቀት አለው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ካፍ፣ የሚሰጠው ፈቃድ ከዲ ጀምሮ ወደ ሲ፣ ወደ ቢ፣ ወደ ኤ እያለ ከፍ ይላል።

ከተጫዋችነት ተነሥቶ በዚህ ሙያ የት እንደሚደረስ የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። ይድነቃቸው ተሰማ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች ነበሩ። በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እርሳቸው ነበሩ። ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1979 ዓ.ም. ደግሞ የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ኖሩ።

«እርሳቸውማ ወንድ ናቸው» የሚለን ይኖራል። አባቶቻችንም «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ይላሉ። አባቶቻችንን እናከብራለን፤ ዳሩ ግን ይህን ተረት የገለበጠች ሴት በአገራችን ተገኝታለች። አሠልጣኝ መሠረት ማኒ በፊት ኳስ ተጫዋች ነበሩ። በኋላም በ2008 ዓ.ም. የድሬዳዋን የወንዶች ቡድን በዋና አሠልጣኝነት ይዘው በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አሰለፉ። በዚያ ሊግ የወንዶችን ክለብ በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ወንዶቹ የሚያውቁትን ጨዋታ ቦታ ቦታ አስይዛ የፈጸመችው ሴት ነበረች ማለት ነው። እንደዚሁም አሠልጣኝ ሰላም ዘርአይ በ2010 ዓ.ም. ሉሲዎቹ የሚባሉትን የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችንን መርተዋል። ሉሲዎቹም በመስከረም 1997 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በተደረገው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና 4ኛ የወጡ፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በኢኳቶሪያል ጊኒ ለዚሁ ውድድር የቀረቡ ናቸው።

የሴት ልጅ ኳስ በእኛ ዘንድ ብቻ የተነቀፈ መስሎን ነበር። እንግሊዞችን ብንመለከት ግን እንደዚህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920 በፈረንጆች ገና ማግሥት በሊቨርፑል ከተማ ዲክ ኬር የተባለውን የሴቶች ቡድን ለማየት 53,000 ያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። በዓመቱ የአገሩ ፌዴሬሽን «ጨዋታው ለሴቶች አይገባም» ብሎ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። ክልከላው እስከ 1971 ድረስ 50 ዓመት ያህል ቆየ። ልብ በሉ፤ የተከለከለው ሜዳው ነበር፤ ሜዳ የሌለው ቡድን ደግሞ ተጫዋችም አሠልጣኝም አያፈራም። ዛሬ ያችው እንግሊዝ በ2022ና በ2025 የአውሮፓን የሴቶች ዋንጫ ወስዳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ቡድኑን የመሩት ሣሪና ቪግማን የተባሉ የሆላንድ ሴት ናቸው። በአህጉራችንም የደቡብ አፍሪካ ቡድን አምበል የነበሩት ደዚሬ ኤሊስ አሠልጣኝ ሆነው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ሞሮኮን በገዛ አገሯ 2 ለ 1 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ለአገራቸው አስገኝተዋል።

ሙያው አልጋ በአልጋ ነው ብለን አናታልላችሁም። ቡድን ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚሰናበተው አሠልጣኙ ነው። የሴቶችን ቡድን እንኳ ብዙ ጊዜ የሚያሠለጥኑት ወንዶች ናቸው። ሆኖም ሐኪምነትም መምህርነትም ለሴት ልጅ አይሆንም ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ግን እናቶቻችን በሴት አዋላጅ እጅ ይገላገላሉ፣ እኛም ከሴቶች መምህራን እንማራለን።

ወላጆቻችን ሆይ! ራቤል ብርድ አገር ናት፤ ሥራዋም ብዙ ነው። ውሃው ይቀዳል፣ ገብሱ ይቆላል፣ ታናናሾቻችን ይታያሉ። ይህን ሁሉ ትተን እንጫወት አላልንም። በገና ወንድሞቻችን ሩር ሲያሯሩጡ ሥራ ፈቱ እንደማይባሉ ሁሉ፣ እኛንም በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብትተዉልን ሥራውን አናጓድልም።

ስለዚህ በዚህ ትልቅ ቀን ሦስት ነገር በትሕትና እንለምናለን። አንደኛ፣ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ለሴቶች ልጆች ይመደብልን። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያ ደረጃ የአሠልጣኝነት ኮርስ ሲመጣ ከወንዶች መምህራን ጋር አንዲት ሴት መምህርትም ትላክልን፤ አንድ ሰው ሲዛወር ቡድኑ አብሮት እንዳይሄድ። ሦስተኛ፣ ወላጆቻችን «የሚያውቅ ሰው ካለ ትሂድ» ያሉትን የእኒያን እናት ቃል ሁላችሁም ቃላችሁ አድርጉልን፤ የሚያውቅ ሰው የማግኘቱን ነገር እኛ እንፈልግ።

እኛ በቅርቡ ፈተናችንን ተፈትነን እንሄዳለን፤ ሜዳው ቢፈቀድም የሚጫወቱበት ታናናሾቻችን እንጂ እኛ አይደለንም። ያች በውርጭ ያስሮጠችን ጓደኛችን ዛሬ እዚሁ ከመካከላችን ተቀምጣለች። በዚያ ጥፋቷ ብዙ ቀን አልቅሳ ነበር። አሁን ግን ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የስፖርት ሳይንስ ለመማር ቆርጣለች፤ በክረምት ዕረፍቷም እየመጣች የ9ኛ ክፍል ልጆችን ለማሠልጠን በፊታችሁ ቃል ትገባለች። የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስትመለስ ሜዳው እንዲቆያት።

መክሊቱን በምድር የቀበረ አገልጋይ ምን እንደተባለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የእኛ መክሊት እንዳይቀበር እርዱን።

 እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።