አንድ ደንብ፣ ብዙ ለቅሶ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ጥቂት እንድንናገር የእድራችን ዳኛ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። እኛ ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስናስገባ የጨረስን ሰው ነን። ስለዚህ የምሁር ንግግር አትጠብቁብን። የምንናገረው፣ ሰው አገሩን ለቆ ሌላ አገር ሲገባ ባህሉን ይዞ ይኑር ወይስ እሱን ጥሎ የአገሬውን ይምሰል ስለሚባለው ጉዳይ ነው። «ይህ ከእድር ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እንደሚያገናኘው ወደኋላ እንደርስበታለን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከአሜሪካ እንጀምር። በ1914 ዓ.ም. የፎርድ መኪና ፋብሪካ ከልዩ ልዩ አገር ለመጡ ሠራተኞቹ የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት ከፈተ። የምረቃው ቀን መድረክ ላይ አንድ ግዙፍ ድስት ይቀመጣል። ተመራቂው ያገሩን ልብስ እንደለበሰ ድስቱ ውስጥ ይገባና በወዲያ በኩል ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ የአሜሪካን ባንዲራ እያውለበለበ ይወጣል። ትርጉሙ ግልጽ ነው። የቀድሞው ሰው ቀልጦ ቀረ፣ አዲስ ሰው ወጣ ማለት ነው። እናቶች እንደምታውቁት ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ቢሟሟም ጣዕሙ አይጠፋም። እዚያ የተፈለገው ግን ጣዕሙም እንዲጠፋ ነበር።

አውስትራሊያ ደግሞ ገና ከበሩ ነበር የምትከለክለው። በ1901 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፣ ወደ አገሯ የሚገባውን ሰው ባለሥልጣኑ ከፈለገ በአንድ የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃል ያህል ቃል በቃል ሊያጽፈው ይችል ነበር። ቋንቋውን የሚመርጠው ፈታኙ እንጂ ተፈታኙ አይደለም። በ1934 ዓ.ም. ኤጎን ኪሽ የሚባል ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ደራሲ ሲመጣ፣ እንዳይገባ ስለተፈለገ በስኮትላንድ ጌሊክ ፈተኑትና ወደቀ። በኋላ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ያ ቋንቋ በሕጉ አነጋገር የአውሮፓ ቋንቋ አይባልም ብሎ ፈረደለት። ፈተናው በ1958 ዓ.ም. ቀረ፤ ነጭ ያልሆነውን የመከልከሉ ፖሊሲ ደግሞ በ1973 ዓ.ም. ተሻረ። እኛ ይህን ስንሰማ ስቀን ነበር። ወደ ራሳችን ስንመለስ ግን ሳቁ ቀረ።

የኛም ወገኖች ይህንን ቀምሰውታል። ቤተ እስራኤሎች በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14,000 የሚበልጡት በአውሮፕላን እስራኤል ገብተዋል። እዚያ ሲደርሱ ለብዙዎቹ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። የመዝገብ ቤት ሰው የስምን ነገር ያውቃል። ስሙ የተለወጠ ሰው ፋይሉ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ እናቱ ስትጠራውና መንግሥት ሲጠራው ሁለት ሰው ይሆናል። ያም ሆኖ የራሳቸውን በዓል፣ ስግድን፣ ሳይተዉ ቆይተው፣ በ2008 ዓ.ም. የአገሪቱ ፓርላማ የመንግሥት በዓል አድርጎ አወጀው። ለመድረስ ብዙ ዓመት ቢፈጅበትም ደረሰ።

ወደ ካናዳ እንምጣ። ካናዳም ንጹሕ አልነበረችም። ከ1885 ዓ.ም. ጀምሮ በቻይናውያን ገቢዎች ላይ የነፍስ ወከፍ ቀረጥ ጣለች፤ በ50 ዶላር ጀምራ እስከ 500 ዶላር አደረሰችው። ከ1923 እስከ 1947 ዓ.ም. ደግሞ በሩን ጭራሽ ዘጋችባቸው ማለት ይቻላል። በኋላ ግን ሐሳቧን ለወጠች። በ1971 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፒየር ትሩዶ ፓርላማ ቀርበው፣ አገሪቱ ሁለት የመንግሥት ቋንቋ ቢኖራትም አንድ ብቻ የሆነ ባህል የላትም፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ካናዳዊ ይሁን አሉ። ይኸው በ1988 ዓ.ም. በሕግ ጸና። ስለ ቀረጡም መንግሥት በ2006 ዓ.ም. በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ይህችን ይቅርታ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንግባ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጋሞ ደጋ የመጡ አንድ ሸማኔ ጎረቤታችን አባታቸው ሞቱባቸው። ዘመዶቻቸው መጥተው በቋንቋቸው እያዜሙ፣ በሰልፍ ወዲያና ወዲህ እያሉ አለቀሱ። ከኛ መካከል «ይህ ምን ዓይነት ለቅሶ ነው? ድንኳኑ የእድር ነው፤ በእድሩ ሥርዓት ይሁን» ያለ ነበር። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ደብዳቤም ተጻፈ። ጸሐፊው እኛ ነበርን። «ለወደፊቱ በእድሩ ሥርዓት እንዲፈጸም በጥብቅ እናሳስባለን» የምትለውን ቃል ያስገባነው ማንም ሳያዘን ራሳችን ነን።

ሰውየው ደብዳቤውን አጥፈው ይዘው ቤታችን መጡ። አልተቆጡም። «ጋሼ፣ አባቴን በሰው ቋንቋ እንዴት አድርጌ ነው የማለቅሰው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። ያለባቸውን መዋጮ እስከ መጨረሻው ከፍለው ከእድሩ ወጡ።

ዓመት ሳይሞላ ልጃችንን ልንጠይቅ ቶሮንቶ ሄድን። ከተማው ግማሽ ያህሉ ሌላ አገር የተወለደ ሰው ነው። እዚያ ሳለን አንዲት ያገራችን ሴት አረፉና ለቅሶ ደረስን። ሴቶቻችን ደረት እየመቱ ሲያለቅሱ እኛ በሰቀቀን የአዳራሹን ሠራተኛ እናይ ነበር፤ ጸጥ በሉ የሚለን መስሎን። ሰውየው በሩ አጠገብ ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀን። ሰዓቱን ግን አልተወልንም፤ በተባለው ሰዓት እንድንወጣ፣ በመቃብሩም ቦታ ደንቡን እንድንጠብቅ አስታወቀን። ለቅሶውን ለኛ ተወ፤ ደንቡን ለሁሉ ጠበቀ። እኛ በሰው አገር እንግዳ ሆነን ያገኘነውን፣ በገዛ ሰፈራችን ለጎረቤታችን ነፈግን። ያን ቀን የእንባችን ግማሽ ለሟቿ፣ ግማሹ ለዚያ ደብዳቤ ነበር።

እርግጥ «ሁሉም በየራሱ ከሆነ እድሩ ይበተናል» የሚሉ አባላት አሉ። ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። ጀርመን ከ1961 ዓ.ም. ወዲህ ከቱርክ ሠራተኛ ስታስመጣ «እንግዳ ሠራተኛ» ብላ ጠራቻቸው፤ ይመለሳሉ ተብሎ ቋንቋውን ለማስተማር ብዙም አልታሰበም። ብዙዎቹ ግን እዚያው ቀሩ፤ ጎን ለጎን ሆኖ ሳይተዋወቁ መኖር መጣ። በካናዳም ቢሆን የኩቤክ ክፍለ ሀገር በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ የመጤ ልጆች በጠቅላላው በፈረንሳይኛ እንዲማሩ አዟል። ልጁ ያገሩን የሥራ ቋንቋ ካላወቀ እንጀራ አያገኝምና ይህን መጠየቅ በደል ነው አንልም። ታዲያ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው? በኛ አስተያየት፣ የጋራ የሆነው ነገር አንድ ይሁን፤ ይኸውም ሕጉ፣ የሥራው ቋንቋ፣ መዋጮው፣ ቅጣቱ። ስም፣ ጸሎት፣ የእናት ቋንቋና ለቅሶ ግን የባለቤቱ ናቸው።

ደግሞስ እኛ ከየት መጣን? ከዚህ ጉባኤ የቆመው አብዛኛው ሰው ወይ ራሱ ወይ አባቱ ከገጠር የመጣ ነው። እድር የሚባለውም ቢሆን፣ በከተማ ዘመድ የሌለው ሰው ጎረቤቱን ዘመድ ያደረገበት ማኅበር ነው። ድንኳኑን የተከልነው መጤዎች ነን።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ነገር እናቀርባለን። አንደኛ፣ በመተዳደሪያ ደንባችን «ለቅሶ በእድሩ ሥርዓት ብቻ ይፈጸማል» የሚለው አንቀጽ ተሽሮ፣ የድንኳኑ ሰዓት፣ የዕቃው አመላለስና መዋጮው ለሁሉም አንድ እንዲሆን፣ አለቃቀሱ ግን ለሐዘንተኛው እንዲተው። ሁለተኛ፣ ለጎረቤታችን የይቅርታ ደብዳቤ እንዲጻፍ። የካናዳን ያህል መንግሥት ይቅርታ ከጠየቀ፣ እድር ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል?

ደብዳቤውን ጽፈን ይዘነዋል። የቀረው የናንተ ውሳኔና የዳኛው ፊርማ ነው። ከተፈቀደልን ራሳችን እናደርሳለን፤ የፊተኛውን የጻፈው እጅ የኋለኛውንም ይዞ መሄድ አለበት። የሰውየው እናት በሕይወት አሉ፤ በዕድሜ ገፍተዋል፤ ፈጣሪ ያቆያቸው። የማይቀረው ቀን ሲመጣ ግን ጥሩንባው ለሳቸውም እንዲነፋ፣ እኛም ከድንኳኑ ሥር ተቀምጠን፣ ቋንቋውን ባንሰማም አብረን እንድናለቅስ እንፈልጋለን።