ሩቅ ላለ ረዳት ሥራን በአደራ ስለ መስጠት

(ለጉባኤ ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)



መልካ ጀብዱ ለድሬዳዋ ቅርብ ናት። እኛ ግን ትእዛዙን የምንሰጠው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ከአዲስ አበባ ነው፤ በዚያ ያለው ረዳታችን የሚያየውን አናይም።

ብዙ ጊዜ በስልክ የምንለው «እህሉን አድል» ብቻ ነው። እስቲ ይህን ትእዛዝ እንመርምረው። በአገራችን የዕርዳታ ሥራ ለብዙ ዓመታት የተለመደው መጠን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። 50 ኪሎ የያዘ ጆንያ ለሦስት ሰው ሲከፈል 5 ኪሎ ይተርፋል። ትርፉ ለሚቀጥሉት ይዙር ወይስ ወደ መጋዘን ይመለስ? ካርዷ የጠፋባት እናት ብትመጣስ? ረዳቱ ሊጠይቀን ይደውላል፤ እኛ ስብሰባ ላይ ነን፤ ወይም ኔትወርክ የለም። ልጅ ያዘለች ሴት በዚያ ፀሐይ ቆማ የምትጠብቀው እንግዲህ የእኛን መልስ ነው። (የድሬዳዋን ቀትር የማያውቅ አስተባባሪ ካለ በግንቦት ወር አንድ ቀን ሄዶ ይቁምበት።)

ስለዚህ ከሥራው ጋር ውሳኔውንም እንስጠው፤ ወሰኑንም እንንገረው። ለምሳሌ፦ «ካርድ የጠፋባትን እናት ሁለት የአካባቢው ሽማግሌዎች ካወቋት ስጣት፤ ስሟንም መዝግብ። እንዲህ ያሉት ከ10 ቤተሰብ ከበለጡ ግን ደውልልን።» ከዚያም የተረዳውን በራሱ አፍ መልሶ ይንገረን። «ገብቶሃል?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ያልገባውም ሰው ስለ አክብሮት «እሺ፣ ገብቶኛል» ይላል። ከሰዉ ጋር በሶማሊኛና በኦሮምኛ የሚነጋገረው እርሱ ስለ ሆነ፣ ሰዉ በስንት ሰዓት ቢጠራ እንደሚሻል ከአዲስ አበባ ልናስተምረው አንሞክር።

ሐዋርያው ጳውሎስ ቲቶን በቀርጤስ ትቶት ሄዶ ነበር። መልእክቱን እንደ ሥራ ደብዳቤ ብናነበው፣ የቀረውን ሥራ እንዲያደራጅ፣ በየከተማው የሚሾሙት ሽማግሌዎች ምን ዓይነት ሰዎች መሆን እንዳለባቸው፣ እርሱም መቼ ወደ ጳውሎስ እንደሚመጣ ተጽፎበታል። የሚሾሙትን ሰዎች ስም ግን አልዘረዘረም፤ ያን ለቲቶ ተወለት።

በየሰዓቱ መደወል ክትትል አይባልም። ማታ ሦስት ቁጥር ይበቃናል፦ የገባው፣ የታደለው፣ የቀረው። ሁለቱ ተደምረው ከፊተኛው ጋር ካልተስማሙ በዚያው ምሽት እንነጋገር፤ ወሩ ካለቀ በኋላ የሚያስታውስ የለም።

ረዳቱ የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ከኪሱ እንዲከፍል አይጠበቅበት። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በእጃችን ነው፤ ገንዘቡ ከእህሉ ቀድሞ ይድረሰው።

የመጋዘኑን ቁልፍና መዝገቡን ደግሞ ለአንድ ሰው አንስጥ። ይህ ረዳቱን ከመጠርጠር አይደለም፤ አንድ ጆንያ ቢጎድል ብቻውን እንዳይከሰስ ነው። በዚህ ያላችሁ የጉባኤ ተወካዮች በዕደላው ቀን ቆጠራው ላይ የሚቆም፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ከየጉባኤያችሁ ስጡን፤ ስሙን ዛሬ ከመለያየታችን በፊት እንመዘግባለን።