ከፍ ያለ የአትክልት መደብ በምን ይሞላ?



ከፍ ተደርጎ የሚሠራ የጓሮ አትክልት መደብ ሲታቀድ ብዙውን ጊዜ ክርክሩ የሚያልቀው በጎኑ ላይ ነው። ጎኑ በጣውላ ይሁን ወይስ በብሎኬት፣ ቁመቱስ ስንት ይሁን እየተባለ ቀኑ ይመሻል፤ የሚሞላው ነገር ግን በመጨረሻው ሰዓት በርካሽ ከተገኘ ገልባጭ መኪና ላይ ይራገፋል። ጣውላ ሲበሰብስ ይለወጣል፤ የመደቡን ሆድ የሞላው ነገር ግን እንዲህ በቀላሉ አይለወጥም። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ስፋቱ 1.2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ መለስተኛ መደብ ከ1 ሜትር ኩብ የሚበልጥ መሙያ ይፈልጋል። ይህም ደረቅ አፈር ቢሆን ወደ 13 ኩንታል ይመዝናል። ያለ አግባብ የተሞላ እንደሆነ ይህ ሁሉ በአካፋ ተዝቆ መውጣት፣ የሚደፋበትም ቦታ መፈለግ አለበት።

ጥያቄው በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ደጋማ ከተሞች ክብደት እያገኘ መጥቷል። በተለይም በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ፣ ቤተሰብ ሁሉ ቆስጣና ሰላጣውን በገዛ ግቢው እንዲያበቅል የሚሰጠው ምክር በርክቷል። የዚያ ምክር ኃላፊነት ደግሞ በአብዛኛው የሚወድቀው በሙያው ሰዎች ላይ ነው።

የመደብ መሙያ ለሁለት ጌቶች የሚገዛ ነው፤ ለክረምትና ለበጋ። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ከሲሶው የሚበልጠው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል። መደቡ ከፍ የሚደረገውም ሥር በዚህ ውኃ እንዳይታፈን ነው። ከኅዳር ወዲያ ግን ያው ከፍታ ጠላት ይሆናል፤ ፀሐይና ነፋስ በላዩም በጎኑም የሚያገኙት መደብ ከሜዳው ቀድሞ ይደርቃልና። ውኃን ቶሎ የሚለቅ ብቻ የሆነ መሙያ በነሐሴ ያስመሰግናል፣ በጥር ያስለቅሳል።

በውጭ አገር መጻሕፍት የሚገኘው አዘገጃጀት ለዚህ ብዙ አይረዳም። አሜሪካዊው ሜል ባርቶሎሚው ያስፋፋው ዝነኛ ቅይጥ ፒት፣ ቨርሚኩላይትና ብስባሽ በእኩል መጠን የተደባለቁበት ሲሆን፣ ከአፈር እፍኝ ታህል የለበትም። ለዚያ ገበያ ተስማምቶ ይሆናል። እዚህ ግን በፒትና በቨርሚኩላይት ፋንታ ጭድና ሰጋቱራ እየተኩ አዘገጃጀቱን መቅዳት ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። ሰጋቱራ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን በመቶ የሚቆጠር እጅ ካርቦን የያዘ ነገር ነው፤ የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ 25 ወይም 30 ለ1 ቢሆንላቸው ይወዳሉ። የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ስለሚሻሙ ቆስጣው ከእነርሱ ተርፎ የሚበላው ያጣል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። መሙያው በበሰበሰ ቁጥር መደቡ ይሰምጣል፤ በዓመቱ ከጣውላው ሥር ተጎንብሶ መትከል ይመጣል። ከዚህም ሌላ የጤፍ ጭድ የከብት መኖና የጭቃ ቤት ማጠናከሪያ፣ እበትም ኩበት ሆኖ ማገዶ ነው። በሜትር ኩብ እየለኩ በመደብ ውስጥ መቅበር የሌላውን ሰው ጉሮሮ የሚነካ ነው።

ስለዚህ መደብ በመጀመሪያ የሚሞላው በአፈር ነው፤ ሌላው ሁሉ የአፈር አጋዥ ነው። ይህን ለማወቅ ባሕር ማዶ መሻገር አያስፈልግም። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ፣ ውኃ በሚተኛበት የመረሬ መሬት ላይ፣ ከእርሻ በኋላ ከቦዩ ውስጥ አፈሩን በእጅ እየዛቁ ወደ ጎን በመከመር ሰፋ ያለ መደብ የመሥራት ልማድ ነበረ፤ ከባዱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። በ1986 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የመረሬ መሬት የጋራ የምርምር ፕሮጀክት ይህንኑ ልማድ መነሻ አድርጎ፣ ሁለት ማረሻ በማጣመር በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ አዘጋጅቷል። በእነዋሪ መደብ ውስጥ ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር የለም። ከፍታው ከቦዩ የተገኘ ነው። ለከተማ ግቢም ከዚህ የተሻለ ምንጭ ማግኘት ያስቸግራል፦ በመደቦች መካከል የሚቀረው መተላለፊያ ተቆፍሮ የላይኛው አፈር ወደ መደቡ ቢገባ፣ መደቡ ከፍ ይላል፣ መተላለፊያውም የክረምቱን ውኃ ያሾልካል። በግዢ የሚመጣ አፈር ግን ከአንድ ሰው ማሳ ላይ የተገፈፈ ሊሆን ይችላል። ለአንዱ መለስተኛ መደብ ሲባል የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር ቢነሣ፣ ከ5 ካሬ ሜትር የሚበልጥ እርሻ ራቁቱን ይቀራል።

እርግጥ ነው፣ መረሬ አፈር ብቻውን በመደብ ውስጥ ክፉ ነው። ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጣውላውን ወደ ውጭ ገፍቶ ምስማሩን የሚያስለቅቅበት ጊዜ አለ። ይህን ለማለዘብ ጥቂት አሸዋ መጨመር የተለመደ ምክር ቢሆንም፣ በሸክላ አፈር ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር የሸክላ ሠሪ ሥራ እንጂ የአትክልተኛ ሥራ አይደለም። መረሬን የሚያላላው በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ነው፤ በይዘት ከጠቅላላው ሲሶ ያህል ቢሆን ይበቃዋል። የግንባታ ሠራተኞች ሬድ አሽ የሚሉት፣ በቢሾፍቱ አካባቢ የሚቆፈረው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠርም፣ ደቀቅ ያለው ተመርጦ ከአፈሩ ጋር በደንብ ከተቀየጠ ይረዳል።

ከአፈሩ ጋር ካልተቀየጠ ግን ጉዳቱ ያመዝናል። ውኃ እንዲያሾልክ በሚል ከመደቡ ሥር ጠጠር ወይም ድንጋይ መደልደል ሥር የሰደደ ልማድ ነው፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ደቃቅ አፈር የያዘውን ውኃ ወደ ሻካራው ጠጠር የሚለቀው ራሱ ጠጥቶ ሊሞላ ሲቃረብ ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ከጠጠሩ በላይ፣ ልክ ሥሩ በሚደርስበት ቦታ፣ ረግረግ ይቋጠራል። መደቡ በቀጥታ በተቆፈረ መሬት ላይ ቢያርፍ ይሻላል።

ብስባሽ መብሰሉን በዐይን ማወቅ ያታልላል። የቡና ገለባ ለምሳሌ ሲጠቁር የበሰለ ይመስላል፤ ትኩሱ ግን ካፌይንና ታኒን ስላለበት ቡቃያን ይጎዳል። ትኩስ እበት ደግሞ ጥሬውን በሚበላ ሰላጣ ሥር ቦታ የለውም፤ ክምሩ እየተገላበጠ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለተከታታይ ቀናት ካልጋለ በውስጡ ያለው የጥገኛ ትል እንቁላል አይሞትም። ለዕፀዋት ተስማሚነቱን ለመመርመር ግን መሣሪያው በየቤቱ አለ፤ ይኸውም ፌጦ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች ያልበሰለ ብስባሽን መርዛማነት የለኩት በዚሁ ዘር ሲሆን፣ ዘዴው ዛሬም በብዙ አገር ይሠራበታል። በአንድ ሳሕን ላይ እርጥብ ብስባሽ፣ በሌላው ላይ የታወቀ ደህና አፈር ተደርጎ ሃያ ሃያ ፍሬ ፌጦ ይዘራል። በሦስት በአራት ቀን በብስባሹ ላይ ያለው ከሳሳ ወይም ሥሩ ካጠረ፣ ክምሩ ገና ነው።

ፌጦ የማይገልጠው ግን አንድ ነገር አለ፤ ከሁሉ የሚያሠጋውም እርሱ ነው። ከወንዝ ዳር የሚመጣ ደለል ጥቁርና ልል፣ ለእጅም የሚመች በመሆኑ ገዥን ይማርካል። ሆኖም በአቃቂ ወንዝና በገባሮቹ ውኃ በለሙ የአዲስ አበባ አትክልቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረታ ብረቶች መገኘታቸው ተመዝግቧል። ከጋራዥና ከአሮጌ ቆሻሻ መጣያ የሚዛቀውም አፈር ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም። ብረት አይሸትም፣ አይበሰብስም፣ በመፍላትም አይጠፋም። ቅጠላ ቅጠል፣ በተለይም ቆስጣና ሰላጣ፣ ካድሚየምን ከአፈር ስቦ በቅጠሉ ያኖራል፤ ቅጠሉን ማጠብ አቧራውን እንጂ በውስጡ የገባውን አያስወግድም። ከዚያ መደብ በየቀኑ የሚበላው ደግሞ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም የአፈር ሻጭ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋውን ሳይሆን አፈሩ የተቆፈረበትን ቦታ ነው። መልስ ከሌለው ግዢውም አይኑር። እያንዳንዱ ቤተሰብ አፈሩን በቤተ ሙከራ ያስመርምር ማለት ወጪው የማይቀመስ ምክር ነው፤ ከአንድ መቆፈሪያ የሚወጣ አፈር ግን ብዙ መደብ ስለሚሞላ፣ ምርመራው በየመደቡ ሳይሆን በየመቆፈሪያው ቢደረግ ወጪው ለብዙ ይከፋፈላል። ይህም ከግለሰብ ይልቅ ለማኅበር የሚቀል ሥራ ነው።

ከተሞላ በኋላ መደቡ በመጀመሪያው ክረምት ጥቂት መስመጡ አይቀርም። በየዓመቱ ከዘር በፊት 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር የበሰለ ብስባሽ ቢጨመርለት ይበቃል። ከዚያ የሚበልጥ ፍግ በየወቅቱ ሲደራረብ ፎስፈረስና ጨው ይከማቻል፤ የዶሮ ኩስ በዚህ ረገድ ከሌላው ፍግ ሁሉ የበረታ ስለሆነ በልክና ከበሰለ በኋላ ብቻ ይገባል። አመድም እንዲሁ ለኮምጣጣው ቀይ አፈር ይስማማል፤ ለመረሬ ግን አያስፈልገውም።