በሻደይ ሰሞን ቤተሰብ የት ይደር?

(ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ስለ ክረምት ዕረፍት አጠቃቀም አንድ ንግግር እንዳቀርብ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ብዙዎቻችን ከቁም ነገር የማንቈጥረውን አንድ ጥያቄ መረጥሁ። ይኸውም፣ የሻደይን በዓል ለማየት ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰቆጣ የሚጓዝ መምህር ማታ የት ይደር የሚለው ነው። ጥያቄው ሲሰሙት የኪስ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። በበኩሌ ግን ከኪስ ይልቅ የልጆቻችንን ጤናና የአስተናጋጆቻችንን ጓዳ የሚነካ ጉዳይ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው ሻደይ የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች በዓል ነው። የፍልሰታ ጾም ነሐሴ 16 ቀን ሲፈታ ይጀምርና እስከ ነሐሴ 21 ቀን ድረስ ይሰነብታል። ስሙን ያገኘው ልጃገረዶቹ በወገባቸው ዙሪያ አሸርጠው ከሚጨፍሩበት ረጅም ለምለም ቅጠል ሲሆን፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ከሚባሉት በዓላት ጋር ወገን ነው። ልጃገረዶቹ ጠጉራቸውን ተሠርተው፣ የጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን በቡድን እየሆኑ ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ። ከተማዪቱም የቀድሞ የዋግ ሹሞች መቀመጫ ናት፤ ከእነርሱ አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ከአለት የተፈለፈለው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንም ከከተማዪቱ ብዙ አይርቅም። የመምህርና የተማሪ ዕረፍት የሚገጥመው በክረምት ስለ ሆነ፣ ልጆች ላሉት የሙያ ባልደረባችን ከዚህ የተሻለ ትምህርትም መዝናኛም ያለበት ጉዞ ማግኘት ያስቸግራል።

ይሁን እንጂ ሰቆጣ ሰፊ ከተማ አይደለችም፤ በበዓሉ ሰሞን አልጋ ይጠባል። ስለዚህ ቤተሰብ የሚያርፍበትን ሥፍራ ሳይወስን መነሣት የለበትም። አማራጮቹን በአራት ከፍሎ መመልከት ይቻላል። አንደኛው ጭፈራው ከሚደምቅበት አደባባይ አጠገብ አልጋ መያዝ ነው። ሁለተኛው ከአደባባዩ ራቅ ብሎ፣ ነገር ግን በእግር በሚደረስበት የከተማው ዳርቻ ማረፍ ነው። ሦስተኛው በሌላ ከተማ፣ ለምሳሌ ሆቴል በበዛበት በላሊበላ፣ እያደሩ ወደ በዓሉ መመላለስ ነው። አራተኛው ደግሞ ከዘመድ ቤት ማረፍ ነው።

ከሦስተኛው ልጀምር። የላሊበላ ሆቴሎች ምቾት ብዙ ሰው ይስባል። ነገር ግን በላሊበላና በሰቆጣ መካከል ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ ተራራማ ነው፤ ነሐሴም የዝናብ ወር ነው። ጠዋት ተነሥቶ ማታ ለመመለስ ያሰበ ቤተሰብ ቀኑን የሚያሳልፈው በበዓሉ ላይ ሳይሆን በመኪና ውስጥ ነው። ልጁ ከበሮውን ሊሰማ የመጣው ልጅ፣ የሚያስታውሰው የመኪናውን መንገጫገጭ ይሆናል። ከዚህም በላይ፣ ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነትና ከእርሱም በኋላ በክልሉ የተከተለው ግጭት የመንገድን ነገር በግምት የማይወሰን አድርጎታል። መንገዱ ክፍት መሆኑን ከመነሣት በፊት እዚያው ከሚኖር ሰው መጠየቅ፣ መልሱም የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ዓመት ማስተላለፍ የወላጅ ግዴታ ነው። በአጭሩ፣ ላሊበላ በመንገድ ላይ አንድ ሌሊት የሚታደርባት እንጂ የሻደይ ሰሞን ማረፊያ ልትሆን አትችልም።

ወደ አንደኛውና ወደ ሁለተኛው እንመለስ። በአደባባዩ አጠገብ ያደረ ሰው ብዙ አይራመድም፤ ጥቅሙ ይኸው ብቻ ነው። በበዓል ሰሞን ምድር ቤቱ መጠጥ ቤት የሆነ ሆቴል እስከ እኩለ ሌሊት ጸጥ አይልም። እንቅልፍ ያላገኘ ሕፃን ደግሞ በማግሥቱ በዓሉንም አያይ፣ ወላጆቹንም አያሳይ። ልጅ ለያዘ ሰው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ከሌሊት ጫጫታ ይሻላል። ስለዚህ የከተማውን ዳርቻ እመርጣለሁ።

ዳርቻውን መምረጥ ግን ያገኙትን ክፍል መቀበል ማለት አይደለም። ክፍሉን የምናየው በቀን ነው፤ የምንተኛበት ግን በሌሊት ነው። ስለዚህ ቁልፍ ከመቀበል በፊት አራት ነገሮች መመርመር አለባቸው።

መጀመሪያ ውሃው ነው። ቧንቧ መኖሩን ብቻ ሳይሆን፣ ቧንቧው ሲቋረጥ በበርሜል ወይም በጄሪካን የተጠራቀመና የተከደነ ውሃ መኖሩን መጠየቅ ይገባል። በክረምት ጎርፍ ምንጭንና ጉድጓድን ስለሚበክል፣ ልጆች የሚጠጡት ውሃ መፍላት አለበት። ስለዚህ ባለቤቲቱ ውሃ ለማፍላት ፈቃደኛ መሆኗ ከአንሶላው ንጣት ይልቅ ዋጋ አለው። ተቅማጥ ቢነሣ እስከ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በሻንጣ መያዝም ብልኅነት ነው።

ሁለተኛው መስኮቱ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የነሐሴ ሌሊት ይበርዳል። ብርዱን ለማባረር የከሰል ምድጃ ወደ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ፍም የሆነ ከሰል ጭስ ባይታይበትም፣ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል የተኛን ቤተሰብ በአንድ ሌሊት ሊጨርስ ይችላል። ሕፃናትም ቀድመው ይጎዳሉ። ከምድጃ ይልቅ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ፣ መስኮት የሌለውን ክፍል ደግሞ በነፃ ቢሰጥ እንኳ አለመቀበል ነው።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። ከፈፋ ዳር የተሠራ ቤት በቀን ውብ ይመስላል፤ ሌሊት የራስጌው ተራራ ሲዘንብበት ግን ውሃው ሳይጠራ ይመጣል። ሽንት ቤቱም ከክፍሉ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ መንገዱም ማታ መብራት እንዳለው በልጅ ዐይን ሊታይ ይገባል።

አራተኛው ከፍታው ነው። የዋግ መሬት ደጋ ብቻ አይደለም፤ ወደ ተከዜ ሸለቆ እየወረደ ይሞቃል። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ ወደ አበርገሌ ወይም ወደ ዝቋላ ቆላ ወርዶ ለማደር ያሰበ ቤተሰብ አጎበር ሳይዝ መሄድ የለበትም፤ ከተመለሰም በኋላ ልጁን ትኩሳት ቢይዘው ያደረበትን ሥፍራ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ክቡራትና ክቡራን፣

አሁን ወደ አራተኛው አማራጭ፣ የንግግሬም ዋና ጉዳይ ወደ ሆነው ልለፍ። ከመካከላችን ብዙዎቹ በዋግ ገጠር ዘመድ፣ አማች ወይም የክርስትና ልጅ አላቸው። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ማረፊያ ሲጠየቅ «እኔ ምን ቸገረኝ፣ የአክስቴ ቤት አለ» ይላል። የአገራችን ባህልም ይደግፈዋል። መንገደኛው «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ» ብሎ ሲጣራ፣ ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ይህ ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ማንም እንዲያቃልለው አልሻም። ነገር ግን ባህሉ የተሠራው ለመሸበት መንገደኛ፣ ለአንድ ሌሊት ነው። አምስትና ስድስት ሆኖ፣ ቀን ቈርጦ፣ ለሳምንት ለሚመጣ ቤተሰብ አልተሠራም።

የወሩንም ነገር እናስብ። የዋግ ገበሬ ዋናውን አዝመራ የሚሰበስበው ከኅዳር ጀምሮ ነው። ነሐሴ ማለት የአምናው እህል ከጎተራ የተሟጠጠበት፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ የሆነበት ወር ነው። ተራራው ለምለም፣ ጓዳው ባዶ ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም እንኳ ሲታቀድ ጀምሮ ድጋፉን የሚሰጠው በአብዛኛው ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ስለ ነበር፣ ነሐሴ ከእርሱም ውጭ ሆኖ ኖሯል። የአካባቢው ችግር ምን ያህል ሥር የሰደደ መሆኑን ለመረዳት፣ በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የዋግ ጎረቤት የሆነችው ኮረም በዓለም ፊት በምን ስም እንደታወቀች ማስታወስ ይበቃል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስወገድ ቃል ሲገባ፣ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህም ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖች በሰቆጣና በአካባቢዋ ተጠልለው ስለ ኖሩ፣ ብዙው ቤት እኛ ሳንደርስ እንግዳ ይዞ ቆይቷል።

በእንዲህ ያለ ወር ከከተማ የመጣ የተማረ ዘመድ ከነልጆቹ ደጅ ሲቆም አክስቲቱ ምን ታደርጋለች? ደስ ብሏት ታስገባዋለች። ለመስከረም ያስቀመጠችውን እህል ታስፈጫለች፤ እንቁላል የምትጥለውን ዶሮ ታርዳለች፤ መደቡን ለእንግዳ ለቃ ልጆቿን ከምድጃው አጠገብ ታስተኛለች። የቤቱም ልጆች እንግዳው በልቶ እስኪነሣ ድረስ ይጠብቃሉ። እርሷ ይህን ሁሉ በአፏ አትናገረውም፤ እንድትናገርም ባህሏ አይፈቅድላትም። ስለዚህ ማወቅ ያለበት እንግዳው ነው። የእኛ ልጆች ስድስት ቀን ደስ ብሏቸው በሰነበቱበት ሒሳብ፣ የእርሷ ልጆች ስንት ቀን ይጎድልባቸዋል? በክፍል ውስጥ የምናስተምራቸው፣ ርቧቸው ጠረጴዛ ላይ የሚያንቀላፉት ልጆች ከእንደዚህ ዓይነት ቤት የሚመጡ መሆናቸውን ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ መምህራን ነን።

«ታዲያ ሆቴል ባድር ቤቴን ናቀ አትለኝም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የገጠሩን ዘመድ ዘሎ ሆቴል ገብቶ መመለስ በእርግጥ ስድብ ነው። መፍትሔው መኝታንና ጥየቃን መለየት ነው። መኝታችን በከተማ ይሁን፤ ቀናችን ከዘመድ ጋር ይሁን። አስቀድመን መልእክት ልከን፣ ልጆቹ ብዙ እንደ ሆኑና አልጋ እንደ ያዝን እንንገር፤ ድንገት ደርሶ እምቢ ከማለት ይህ ይሻላል። ባዶ እጃችንን አንሂድ፤ ጤፍ ወይም ስንዴ፣ ዘይት፣ ቡናና ስኳር ይዘን እንግባ። ይዘን የገባነው ከበላነው መብለጥ አለበት። አክስቲቱ የግድ እደሩ ብላ ብትለምን፣ አንድ ሌሊት ማደር ክብሯን ይጠብቃል፤ ሁለተኛው ሌሊት ግን የእኛ ጥቅም እንጂ የእርሷ ክብር አይደለም።

ነገሩን ከውጭው ዓለም ጋር ማነጻጸርም ይጠቅማል። ዋልት ዲዝኒ በ1955 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይም ከተማ የቤተሰብ መዝናኛውን ሲከፍት፣ በእጁ የነበረው መሬት ጥቂት ነበር። በዙሪያው ሌሎች ሰዎች ማደሪያ እየሠሩ ከጎብኝው ገንዘብ ተካፈሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. በፍሎሪዳ ሁለተኛው ሲከፈት ግን፣ ድርጅቱ በስፋቱ ከመቶ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መሬት አስቀድሞ ገዝቶ፣ ሆቴሎችንም በውስጡ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የሚጓዝ ቤተሰብ ሁሉ «በግቢው ውስጥ ልደር ወይስ በውጭ?» እያለ ዋጋና ርቀት ያሰላል። ከዚህ የምንማረው፣ ጎብኝው የሚያድርበት ሥፍራ ገንዘቡ የት እንደሚቀር የሚወስን መሆኑን ነው።

ሻደይ ባለቤቱ ድርጅት አይደለም፤ አጥር የለውም፤ መግቢያ ትኬት አይቈረጥበትም። ባለቤቶቹ የዋግ ልጃገረዶች ናቸው። ስለዚህ እንግዳው ለልጃገረዶቹ ከሚሸልመው በቀር በከተማዪቱ የሚተወው ገንዘብ ቢኖር የአልጋና የምግብ ዋጋ ነው። ከዘመድ ቤት በነፃ አድሮ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ የተመለሰ ቤተሰብ፣ ሳያስበው በዓሉን ከድኻ ጓዳ ወስዶ ሄዷል ማለት ነው። በከተማው ዳርቻ ከአንዲት አልጋ አከራይ ሴት ዘንድ አራት ሌሊት ከፍሎ ያደረው ግን፣ ለክረምቱ ማለፊያ አንድ ነገር ትቶላታል። በበዓል ሰሞን ዋጋው ከፍ ይላል ብለን የምናጉረመርም ካለን፣ ይህንን አብረን እናስብ።

በመጨረሻም ይህን ብቻ ላሳስብ። ጉዞውን ስናቅድ የቀኑን ብዛት በአቅማችን ልክ እንወስን እንጂ፣ አቅማችን ያልቻለውን ቀን ዘመድ እንዲከፍልልን አንተው። ሦስት ሌሊት የምንችል ከሆነ ሦስት ሌሊት እንሂድ፤ ሻደይ ስድስት ቀን ስለ ሆነ ስድስቱንም ማየት ግዴታ አይደለም። ለልጆቻችንም ለምን ከአክስታቸው ቤት እንደማናድር ሳንደብቅ እንንገራቸው። ከበሮውንና ዘፈኑን ከሜዳው ይማራሉ፤ የሰውን ጓዳ ማክበርን ግን ከእኛ በቀር የሚያስተምራቸው የለም።