ባቡር ያልወጣበት ደጋ፦ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያና የእኛ ድርሻ

(በአሰላ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ባቡር ጣቢያ መሆኑ አንዳንዶቻችሁን ሳያስገርም አልቀረም። አሰላ ባቡር ገብቶባት አያውቅምና። ሆኖም ባቡር ያልደረሰበት አገር ሁሉ ባቡር ያልነካው አገር አይደለም። ይህን ለማስረዳት ከድሬዳዋ ልነሣ።

ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሐዲዱን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ባቡር ደግሞ ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው አነስተኛ በመሆኑ ብዙ ሸክም በቀላሉ ይጎትታል፤ በዚያው ምክንያት አቀበት ሲገጥመው ይንሸራተታል። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ በደረሰበት ሜዳም አስቀድሞ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ በቀለች፤ እርሷም የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት። ከተማዋ ጣቢያ አልሠራችም፤ ጣቢያው ከተማዋን ሠራ። ሐረርም ቡናዋን ቁልቁል እያወረደች የጣቢያው ባለድርሻ ሆነች።

የአርሲም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሐዲዱ ከአዋሽ ወደ አዳማና ሞጆ አቅንቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ የአርሲን ደጋ ከሩቅ እያየ አለፈ። አሰላ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዳማ የሚለያት መንገድ ግን 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የጭላሎ ሥር ስንዴና ገብስ ወደ አዳማ ገበያ ይወርዳል፤ ከወደብ የመጣው ዕቃም በዚያው በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። እንግዲህ የአንድ ጣቢያ ወሰን አጥሩ ነው ወይስ እህሉና ዕቃው የሚደርስበት አገር? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አሮጌው ሐዲድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝም ነበር፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት ግን አንድ ሜትር ብቻ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ነው። ስለዚህ አሮጌዎቹ ፉርጎዎች በአዲሱ ሐዲድ ላይ ሊሄዱ አይችሉም። አዲሶቹ ጣቢያዎችም ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠርተዋል። ከዚህ የተነሣ አሮጌዎቹ ጣቢያዎች ወደ ቀድሞ ሥራቸው የመመለስ ተስፋቸው እጅግ ጠባብ ነው። ወይ በቅርስነት ይጠበቃሉ፣ ወይ መሬታቸው ለሌላ ግንባታ ይፈለጋል።

በድሬዳዋ የመጠበቁ ሥራ ተጀምሯል። ጎብኚ በአሮጌው ጣቢያና በጥገና ግቢው ውስጥ የቀድሞ ባቡሮችንና ፉርጎዎችን፣ የብረት መቁረጫና መሞረጃ መኪናዎችን ያያል። በእኔ ግምት ይህ ስፍራ ከብዙ ሙዚየሞች የሚበልጥበት ምክንያት ዕቃው ከሥራ ቦታው አለመነቀሉ ነው። መዶሻው መዶሻው በሚመታበት ቦታ፣ ሐዲዱም ባቡሩ በቆመበት ስፍራ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ብረት ብቻውን አይናገርም። አንድ መኪና ለምን እንደሚጮኽ፣ የትኛው ድምፅ የብልሽት ምልክት እንደሆነ የሚያውቀው በእርሱ ላይ ዕድሜውን የፈጀ ሠራተኛ ነው። ይህ ዕውቀት በአብዛኛው አልተጻፈም፤ የሚጠሩበት ቃላትም ከፈረንሳይኛ ተወስደው በእኛ አፍ የተሞረዱ ናቸው። «ለገሃር» የሚለው ስም ራሱ በፈረንሳይኛ «ጣቢያ» ማለት ነው፤ ዛሬ ግን በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኗል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ጉዞ ሲቋረጥ ጎልማሳ የነበረው ሠራተኛ ዛሬ አረጋዊ ነው። ሕንፃ ቢፈርስ በፎቶግራፍ ይታደሳል፤ ያልተጠየቀ ሽማግሌ ግን ዕውቀቱን ይዞት ይሄዳል።

ስለዚህ ለእናንተ፣ ለተማሪዎቼ፣ አንድ የሥራ ሐሳብ አቀርባለሁ። የምድር ባቡርን ታሪክ ከመሥመሩ ዳር ሆነው የሚጽፉ አሉ፤ ከደጋው ሆኖ የሚጽፍ ግን ያስፈልጋል። ወደ አዳማ እህል ያወረዱትን ነጋዴዎች፣ አህያ የነዱትን፣ በጣቢያው ደጅ ያደሩትን ወላጆቻችሁንና አያቶቻችሁን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅዱ፤ የክብደት መለኪያውን፣ የመንገዱን ማደሪያ፣ የእህሉን ዋጋ መዝግቡ። የድሬዳዋው ሙዚየም የመኪናውን ወገን ይዟል። የጫኙን ወገን መያዝ የእኛ ድርሻ ነው። ይህ ካልሆነ ጣቢያው የባቡሩ ታሪክ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ወደ እርሱ የወረደው ሕዝብ ታሪክ ግን ይጠፋል።